ባክአፕ አለ፤ ይመለሳል ወይ?

የድርጅት መረጃ በጠፋ ማግስት ሥራ ይቆማል። አስመጪው የትኛው ነጋዴ ስንት ዱቤ እንዳለበት መናገር ያቅተዋል፤ ክሊኒኩ የታካሚውን የቀድሞ ምርመራ ማየት አይችልም፤ የሂሳብ ክፍሉ ደመወዝ ለመክፈልም ሆነ የወሩን የታክስ ማስታወቂያ ለማቅረብ መነሻ ያጣል። አዲስ ኮምፒውተር በአንድ ቀን ተገዝቶ ይገባል፤ በአሮጌው ውስጥ የነበረው የዓመታት መዝገብ ግን ቀድሞ ካልታሰበበት ተመልሶ አይገኝም። ይህን ቀድሞ የሚያስብ ሰነድ የመረጃ ማስመለሻ ዕቅድ ይባላል። የትኛው መረጃ የት እንደተቀመጠ፣ ቢጠፋ ከየት፣ በማን፣ በምን ቅደም ተከተልና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚመለስ በውስጡ ይሰፍራል። ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ያለው ድርጅት ሁሉ ይህ ዕቅድ አለው ማለት አይደለም፤ ልዩነቱም የሚታወቀው በችግር ቀን ነው።

መረጃ የሚጠፋባቸው መንገዶች አብዛኞቹ ተራ ናቸው። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ያለበት፣ ከሳህኑ በላይ ለዓይን በማይታይ ክፍተት የማንበቢያ ጫፍ የሚንሳፈፍበት መሣሪያ ነው፤ ዕድሜ ይጨርሰዋል፣ መውደቅም ይሰብረዋል። ዳታቤዝ እየተጻፈ ሳለ መብራት በድንገት ከጠፋ ፋይሉ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። ጄኔሬተር ያለው ቢሮም ቢሆን ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባሉት ሰከንዶች ውስጥ ይህ ይደርስበታል፤ ዩፒኤስ የሚባለው የባትሪ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚያች ክፍተት ነው። ሠራተኛ የተሳሳተ ፎልደር ይሰርዛል፤ በትክክለኛው ፋይል ላይ ሌላ ፋይል ደርቦ ያስቀምጣል። ላፕቶፕ ከመኪና ውስጥ ይሰረቃል። እሳትም ይነሳል፤ በጥቅምት 2017 በመርካቶ ሸማ ተራ እንደደረሰው ያለ ቃጠሎ ሸቀጥ ከመዝገብ፣ ኮምፒውተር በመሳቢያ ከተቀመጠ የባክአፕ ፍላሽ አይለይም።

ሆን ተብሎ የሚሰነዘር ጥቃት ከነዚህ የከፋ ነው። ራንሰምዌር የሚባለው አጥፊ ፕሮግራም ኔትወርክ ውስጥ ከገባ በኋላ ያገኘውን ፋይል ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል። የተበላሸ ዲስክ አንድ ማሽን ይዞ ይሄዳል። ራንሰምዌር ግን በአንድ ኔትወርክ የተያያዘውን ሁሉ ባክአፑን ጨምሮ ሊደርስበት ይችላል። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ላይ የደረሰው ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል፤ ዘርዘር አድርጎ ማየቱም ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። መነሻው የዩክሬን ድርጅቶች ታክስ ለማስታወቅ የሚጠቀሙበት ኤም.ኢ.ዶክ የተባለ የሂሳብ ፕሮግራም ነበር። ጥቃት አድራሾቹ የፕሮግራሙ ማሻሻያ የሚላክበትን ሰርቨር ሰብረው ገብተው ክፉውን ኮድ መደበኛ ማሻሻያ አስመስለው ለደንበኞች ሁሉ አደረሱት። አሜሪካ በኋላ ላይ ድርጊቱን የፈጸሙት የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖች ናቸው ብላ ክስ መሥርታለች። በተጠቂው ስክሪን ላይ 300 ዶላር በቢትኮይን እንዲከፈል የሚጠይቅ ጽሑፍ ይወጣ ነበር፤ ለከፈለ ሰው ግን የሚሰጥ መክፈቻ አልነበረም። ፕሮግራሙ የተሠራው ለማጥፋት ነበር፤ የቤዛው ጥያቄ ሽፋን ብቻ ነው።

ሜርስክ ኦዴሳ በሚገኘው ቢሮው ይህን የሂሳብ ፕሮግራም በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስጭኖ ነበር፤ አንዱ ኮምፒውተር በቂ ሆነ። በኮፐንሃገን ዋና መሥሪያ ቤት ስክሪኖች አንድ በአንድ ጠቆሩ፤ ሠራተኞች ከክፍል ክፍል እየሮጡ ኮምፒውተር ከሶኬት እንዲነቀል ይለምኑ ጀመር። ኩባንያው በዚያን ጊዜ ከዓለም የኮንቴይነር ማጓጓዝ አቅም አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን የያዘ ነበር። መርከቦቹ አልተጎዱም፤ ክሬኖቹም አልተሰበሩም። ነገር ግን ከሚያስተዳድራቸው 76 ተርሚናሎች በ17ቱ በር ላይ የከባድ መኪና ሰልፍ ተዘረጋ፤ የትኛው ኮንቴይነር ምን እንደያዘና ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ሥርዓት ጠፍቶ ነበርና። አዲስ ጭነት የሚመዘገብበት ድረ ገጽ ተዘጋ። ሠራተኞች በግል ጂሜይልና በዋትስአፕ ትእዛዝ እየተቀበሉ በወረቀት መሥራት ጀመሩ።

መልሶ የማቋቋሙ ሥራ የተመራው በእንግሊዝ አገር ሜይደንሄድ ከተማ ከሚገኝ ቢሮ ነበር። የተሰበሰቡት ባለሙያዎች የአብዛኞቹን ሰርቨሮች ባክአፕ አገኙ፤ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ያስቆጠሩ ቅጂዎች ነበሩ። አንድ ነገር ግን አጡ። የኩባንያውን ኔትወርክ ካርታና የእያንዳንዱን ሠራተኛ የመግቢያ ፈቃድ የሚይዙት፣ ዶሜይን ኮንትሮለር የሚባሉት ሰርቨሮች ባክአፕ አልነበራቸውም። እነሱ ሳይመለሱ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢመለስም ማንም ሊገባበት አይችልም። ብዛታቸው 150 ገደማ ሲሆን በዓለም ዙሪያ ተበታትነው እርስ በርሳቸው በየጊዜው ይገለበጣሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ስለታሰበ ለብቻው ባክአፕ አልተያዘላቸውም። ሁሉም በአንድ ሰዓት ሊጠፉ እንደሚችሉ ያሰበ አልነበረም።

ከነዚህ የተረፈችው የጋናዋ ሰርቨር ብቻ ነበረች። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት በጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሯ ከኔትወርኩ ተለያይታ ቆየች፤ በዚያው ዳነች። መብራት መጥፋቱን የሚያማርር አፍሪካዊ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። የጋናው የኢንተርኔት መስመር ቀጭን ስለነበረ በመቶዎች ጊጋባይት የሚቆጠረውን ይዘት ወደ እንግሊዝ መላክ ቀናት ይፈጅ ነበር። ዲስኩን በእጅ ይዞ የሚበር የጋና ሠራተኛ ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛ አልነበረውም። ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ዲስኩን እስከ ናይጄሪያ ወስዶ በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ባልደረባው አስረከበ፤ እሱም ለንደን አደረሰው።

በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨሮች፣ 45,000 ኮምፒውተሮችና 2,500 ፕሮግራሞች እንደ አዲስ መጫናቸውን የኩባንያው የቦርድ ሊቀመንበር ጂም ሃገማን ስናቤ በቀጣዩ ዓመት በዳቮስ ጉባኤ ላይ ተናግረዋል። ሜርስክ ኪሳራውን ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ለማስታወስ የሚበጀው ግን ያን የሚያህል ኩባንያ የተመለሰው በአጋጣሚ መሆኑ ነው። ባክአፕ ነበረው፣ ጎበዝ ባለሙያ ነበረው፣ ገንዘብም አላጣም። ያልነበረው፣ ሁሉም ቢጠፋ መጀመሪያ ምን ይነሣል ብሎ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ነው፤ ወይም ጠይቆ የተሰማ ሰው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁም ነገር እርስ በርሳቸው የሚገለባበጡ ቅጂዎች ባክአፕ አለመሆናቸው ነው። ፋይል በአንዱ ሲሰረዝ በሌላው ይሰረዛል፤ በአንዱ ሲቆለፍ በሌላውም የተቆለፈው ይተካል። ጎግል ድራይቭንና መሰሎቹን ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ መረጃዬ ተቀምጧል የሚል ድርጅት ይህን ማወቅ አለበት፤ አገልግሎቶቹ የቀድሞውን ቅጂ የሚያቆዩት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። በሰርቨር ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ አጣምሮ የሚያሠራው ሬይድ የሚባለው አሠራርም የሚከላከለው ከዲስክ መበላሸት ነው፤ ከመሰረዝ፣ ከቫይረስና ከእሳት አያድንም። በጎግል በራሱ በፌብሩዋሪ 2011 በአንድ የፕሮግራም ማሻሻያ ስሕተት ምክንያት ከጂሜይል ተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ የሚሆኑት የደብዳቤ ሳጥናቸውን ባዶ ሆኖ አግኝተውት ነበር። የየአንዳንዱ ደብዳቤ ቅጂ በተለያዩ ማዕከላት ተቀምጦ ሳለ ስሕተቱ ሁሉም ዘንድ ደረሰ። ደብዳቤዎቹ የተመለሱት ከቴፕ ነው። ቴፕ ከኔትወርክ ተነጥሎ ስለሚቀመጥ የፕሮግራም ስሕተት አይደርስበትም፤ ያረጀ የሚመስለው መሣሪያ ዛሬም በትልልቅ ማዕከላት የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ሌሊት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ ንብረት ከሆኑት የመረጃ ማዕከላት አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፤ አጠገቡ ያለው ሌላውም በከፊል ነደደ። የኩባንያው መሥራች ኦክታቭ ክላባ በዚያው ሌሊት ለደንበኞች ያስተላለፉት ምክር የአደጋ ጊዜ ማስመለሻ ዕቅዳችሁን ሥራ ላይ አውሉ የሚል ነበር። ዕቅድ ያልነበራቸው ደንበኞች ይህን ሲያነቡ የተሰማቸውን መገመት አያዳግትም። አንዳንዶቹ የባክአፕ አገልግሎት ገዝተው ሲከፍሉ የኖሩ ነበሩ፤ ባክአፑ ግን የተቀመጠው ዋናው መረጃ ባለበት በዚያው ግቢ ሆኖ ተገኘ። ደመና የሚል ስም ቢሰጠውም ክላውድ የሚባለው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። አገልግሎቱን የሚገዛ ሰው ቅጂው በየትኛው ሕንፃ እንደሚቀመጥ መጠየቅና መልሱን በውሉ ውስጥ ማስፈር ይገባዋል።

በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የሊቲየም ባትሪ እሳት ተነሥቶ 709 የመንግሥት የኮምፒውተር ሥርዓቶች ቆሙ። ከነሱ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት የያዘው ማከማቻ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ የተሰጠው ምክንያትም መጠኑ ከመብዛቱ የተነሳ ባክአፕ ለመያዝ አለመመቸቱ ነበር። በቴክኖሎጂ ከሚደነቁ አገሮች በአንዷ ላይ እንዲህ ከደረሰ፣ ትልቅ መሆን ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ግልጽ ነው።

ሦስተኛው ሳይፈተን የተቀመጠ ባክአፕ ነው። የፕሮግራም አዘጋጆች ሥራቸውን በሚያስቀምጡበት በጊትላብ ኩባንያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ ሌሊት ደክሞት ሲሠራ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ኩባንያው አምስት ዓይነት የባክአፕና የማባዣ ዘዴ ነበረው፤ አንዱም እንደታሰበው ሲሠራ አልተገኘም። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ የፕሮግራም ስሪት ስላልተጣጣመ ለብዙ ጊዜ ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይል ደግሞ በኢሜይል ማጣሪያ እየተመለሰ ለማንም ሳይደርስ ቀርቷል። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። የጊትላብን ሰዎች የሚያስመሰግናቸው የማስመለሱን ሥራ በቀጥታ በዩቲዩብ እያሳዩ፣ የደረሰውን ሁሉ ሳይደብቁ በጽሑፍ ማውጣታቸው ነው። ጥፋተኛውን መሐንዲስም ለውርደት አልሰጡትም። ስሕተት ሲሠራ የሚደበቅበት መሥሪያ ቤት ባክአፑ መክሸፉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነውና፣ ይህም የዕቅዱ አንድ ክፍል ተደርጎ ቢታይ ያስኬዳል።

ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመለሱት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱንም የሚመልሰው የሥራው ባለቤት እንጂ የአይቲ ባለሙያው ብቻ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው፣ ምን ያህል ሥራ ቢጠፋ ድርጅቱ ይችለዋል የሚል ነው። ባንክ የአንድ ደቂቃ የገንዘብ እንቅስቃሴ እንኳ ማጣት አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ግብይት ባንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መመዝገብ ይኖርበታል። የጅምላ አከፋፋይ የአንድ ቀን ሽያጭ ቢጠፋበት ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ መልሶ መጻፍ ይችላል፤ ለእሱ በየማታው የሚወሰድ ባክአፕ ይበቃዋል። ፎቶ ቤት ግን የሠርግ ምስል ከጠፋበት ሙሽሮቹን መልሶ ማጋባት አይችልም፤ ካርዱን ከካሜራ ካወጣበት ሰዓት ጀምሮ ሁለት ቅጂ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ባክአፕ በስንት ሰዓት አንዴ ይወሰድ የሚለውን የሚወስነው ይህ መልስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል ጊዜ መቆም ይቻላል የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የማጓጓዣውን ጊዜ ነው። 2 ቴራባይት መረጃ በክላውድ ያስቀመጠ ድርጅት በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ሊመልሰው ቢነሳ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ ሌሊትና ቀን ቢሠራ እንኳ ከ9 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ባክአፑ በደህና ተቀምጧል፤ ድርጅቱ ግን ለ9 ቀን ዝግ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ መስመሩ ጨርሶ ላይኖር እንደሚችል የሰኔና የሐምሌ 2012 የኢንተርኔት መቋረጥ አሳይቷል፤ ያኔ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ ጠቃሚ ቢሆንም ብቸኛው ሊሆን አይገባም፤ በፍጥነት የሚመለስበት ሌላ ቅጂ በቅርብ መኖር አለበት።

በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው 3-2-1 የሚባለው ደንብ ይህን ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህ መልክ እንዲታወቅ ያደረገው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ደንቡ መረጃ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ ይላል። ራንሰምዌር ከመጣ ወዲህ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ከኔትወርክ ተነቅሎ እንዲቀመጥ፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ማንም ሊሰርዘው በማይችል ማከማቻ እንዲገባ ይመከራል። አጥቂዎች ዋናውን ከመቆለፋቸው በፊት ባክአፑን ፈልገው ማጥፋት ስለለመዱ፣ ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ የሚኖር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከነሱ አያመልጥም። ኮድ ስፔስስ የተባለ የፕሮግራም ማስቀመጫ ድርጅት በጁን 2014 የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የክላውድ አካውንቱን መቆጣጠሪያ የያዘ አጥቂ ዋናውንም ባክአፑንም ከአንድ ቦታ ሰረዘው፤ ድርጅቱም ተዘጋ። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል የሚከፈት ከሆነ የቅጂው ብዛት ጥቅም የለውም።

ለአጥቂው ከፍሎ መገላገልም አስተማማኝ መንገድ አይደለም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ነዳጅ የሚያጓጉዘው ኮሎኒያል ፓይፕላይን በሜይ 2021 4.4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ከፈለ፤ የተሰጠው መክፈቻ ግን በጣም ዘገምተኛ ስለነበረ ኩባንያው ከራሱ ባክአፕ መመለሱን እንደቀጠለ ተዘግቧል። መድንም ቢሆን ገንዘብ እንጂ መረጃ አይመልስም፤ ገንዘቡም ቢሆን አከራካሪ ሊሆን ይችላል። ሞንዴሊዝ የተባለው የምግብ ኩባንያ በኖትፔትያ ለደረሰበት ጉዳት 100 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቅ መድን ሰጪው ዙሪክ ጥቃቱ የጦርነት ድርጊት ነው ብሎ አልከፍልም አለ፤ ክርክሩ በስምምነት ያለቀው ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ነበር።

በአገራችን ትንንሽና መካከለኛ ድርጅቶች ዘንድ አደጋው የተለየ መልክ አለው። ሂሳቡ ብዙ ጊዜ በፒችትሪ ወይም በኤክሴል፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ባክአፕ ሲባል ፋይሉን ከሲ ድራይቭ ወደ ዲ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ሲ እና ዲ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ይህ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ያድናል፤ ዲስኩ ሲሞት ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሌሎች ፋይሉን በቴሌግራም ለራሳቸው ይልካሉ። ከምንም ይሻላል፤ ነገር ግን ፋይሉ የሚገኘው በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ቁጥር በተከፈተ አካውንት ነው፣ ሠራተኛው ሲለቅም አብሮት ይሄዳል። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ የሂሳብ ባለሙያ የሦስትና የአራት ድርጅት መዝገብ በራሱ ላፕቶፕ ይዞ የሚዞርበትም ጊዜ አለ። የዚያ ላፕቶፕ መሰረቅ የብዙ ቤት ችግር ነው።

በሕግ በኩልም መዝገቤ ጠፋ ማለት ከግዴታ ነጻ አያወጣም። የፌደራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ መዝገብና ሰነድ ይዞ እንዲያቆይ ያስገድዳል፤ ማስረጃ የሌለው ወጪም ተቀባይነት ለማግኘት ይቸገራል። የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት ደግሞ መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተጥሎባቸዋል። ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤትና ለብድርና ቁጠባ ተቋም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ዕቅዱ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ ለአነስተኛ ድርጅት አራት አምስት ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያ ድርጅቱ ያለው መረጃ ሁሉ የት እንዳለ ይዘረዝራል፤ ይህ ሥራ ሲጀመር ማንም ያላሰበው ነገር መውጣቱ አይቀርም፤ ለምሳሌ የዋጋ ዝርዝሩ በሽያጭ ሠራተኛዋ ስልክ ላይ ብቻ መኖሩ። ቀጥሎ የማስመለሻው ቅደም ተከተል ይጻፋል። የሜርስክ ሰዎች እንደተረዱት ሌላው ሁሉ የተደገፈበት ነገር ቀድሞ መነሣት አለበት፤ የይለፍ ቃሎች፣ የፕሮግራም ፈቃድ ቁጥሮች፣ የኢሜይልና የድረ ገጽ ስም የተመዘገበበት አካውንት ሳይገኙ ባክአፑ ብቻውን አይረዳም። የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር በማን ስም እንደወጣም መታወቅ አለበት። ኃላፊው ስሙ ይጻፋል፤ እሱ በሌለበት የሚተካውም እንዲሁ። ሰነዱ በወረቀት ታትሞ ከቢሮ ውጭም ይቀመጣል፤ በተቆለፈው ሰርቨር ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ዕቅድ በተፈለገበት ቀን አይከፈትምና።

የማስመለስ ሙከራ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። ሙከራ ማለት ባክአፑ መኖሩን ማየት አይደለም። ሌላ ባዶ ኮምፒውተር ተወስዶ፣ ፕሮግራሙ ተጭኖ፣ ባክአፑ ተመልሶ፣ ያለፈው ወር የሂሳብ ሚዛን ከታተመው ሪፖርት ጋር እኩል መሆኑ ይረጋገጣል፤ የፈጀው ሰዓትም ይመዘገባል። ቢቻል ሙከራውን የሚያካሂደው ዕቅዱን የጻፈው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ጸሐፊው በራሱ ጭንቅላት የያዘውንና ወረቀቱ ላይ ያልጻፈውን የሚያጋልጠው ሌላ ሰው ነው።

ያለ ዕቅድ አደጋ የደረሰበት ድርጅት የቀረው ተስፋ የመረጃ ማስመለሻ ባለሙያ ነው። ተስፋው እንደ አደጋው ዓይነት ይለያያል። በሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ወዲያው የሚጠፋው የፋይሉ ማውጫ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት በቦታው ይቆያል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋትና ምንም ሳይጭኑበት ለባለሙያ ማድረስ ብዙ ያድናል። የማንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ዲስክን ደጋግሞ ማስነሣት ግን ሳህኑን እየፋቀ ቀሪውንም ያጠፋል። የሚሽከረከር ሳህን በሌለው ኤስኤስዲ በሚባለው ዲስክ ላይ ነገሩ ይከፋል፤ ኮምፒውተሩ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ እንዲጸዳ ስለሚያዝዝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚገኝ ነገር ላይኖር ይችላል። በደንብ የተሠራ ራንሰምዌር የቆለፈውን ደግሞ ያለ ቁልፉ የሚከፍት የለም፤ የተጠቃው ማሽን ከኔትወርክ ይነቀላል፣ የተቆለፈው ፋይልም ሳይሰረዝ ይቀመጣል፤ ለአንዳንድ ዓይነቶች መክፈቻ ቆይቶ በነጻ የወጣበት ጊዜ ስላለ ነው። ጥቃቱ የገባበት ቀዳዳ ሳይደፈን ባክአፕ መመለስም ያንኑ ጥቃት መልሶ መጋበዝ ይሆናል።

ዕቅዱ አንዴ ተጽፎ የሚያበቃ ሰነድ አይደለም። የሂሳብ ፕሮግራም ሲቀየር፣ ቢሮ ሲዛወር፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሠራተኛ ሲለቅ ይታረማል፤ ከሚለቀው ሠራተኛ መረከቢያ ቅጽ ላይም ከቁልፍና ከላፕቶፕ ቀጥሎ የአካውንቶቹ ዝርዝር እንዲሰፍር ይደረጋል።